በቡንከር ቫለንቲን ባሕረኞቹን ፍለጋ፦ የአንድ ጉብኝት ግምገማ

በሰሜን ጀርመን፣ ከብሬመን ከተማ መሀል ሠላሳ ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ በቬዘር ወንዝ ዳር ወደሚገኘው «ዴንክኦርት ቡንከር ቫለንቲን» የተሰኘ፣ ናዚ ጀርመን በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ባሠራችው የአርማታ ምሽግ (ቡንከር) ውስጥ ያለ የመታሰቢያ ስፍራ የሄድኩት ሕንፃውን ለማየት ጓጉቼ አልነበረም። የሄድኩት በዚያ አካባቢ በግዳጅ ሥራ ስለተሰቃዩት 32 አየርላንዳውያን የንግድ መርከብ ባሕረኞች አስቀድሜ አንብቤ ስለነበር ነው። መግቢያው በነፃ ነው፤ ባቡሩ እስከ ፋርጌ ያደርሳል፤ የቀረውን መንገድ በአውቶቡስ ወይም በእግር መጨረስ ይቻላል።

ሕንፃው ከ400 ሜትር በላይ የሚረዝም፣ ጣሪያው በከፊል እስከ 7 ሜትር የሚወፍር የአርማታ ክምር ነው። ከ1943 እስከ 1945 እ.ኤ.አ. ድረስ ከ10,000 በላይ ሰዎች ሲሚንቶና ብረት እየተሸከሙ ሠርተውታል፤ የተመዘገቡት ሟቾች ብቻ ከ1,000 ይበልጣሉ። ይህ ሁሉ የተደረገው ሰርጓጅ መርከቦችን ለመገጣጠም ነበር፤ ሆኖም በማርች 1945 የእንግሊዝ አውሮፕላኖች የጣሉት ግዙፍ ቦምብ ጣሪያውን በሳው፤ አንድም መርከብ ሳይወጣለት ጦርነቱ አለቀ።

የባሕረኞቹን ነገር ለመረዳት ግን ከሕንፃው ይልቅ ከሕጉ መነሣት ያስፈልጋል። የንግድ መርከብ ሠራተኛ ወታደር አይደለም፤ ሥጋ፣ ስንዴና ዘይት የሚያመላልስ ደመወዝተኛ ነው። በብሪታንያ መርከቦች ላይ እስከ 1941 ድረስ መርከቡ ከሰመጠበት ቀን ጀምሮ ደመወዙ ይቋረጥ እንደነበር ስናስብ ጦርነቱ ይህን ሰው በምን ዓይን ይመለከተው እንደነበር ይገባናል። በ1907 በሄግ የተፈረመው ስምምነት ደግሞ በተማረከ የጠላት የንግድ መርከብ ላይ የተገኘ የገለልተኛ አገር ዜጋ የጦር ምርኮኛ እንደማይሆን በግልጽ ይደነግጋል። ባሕረኞቹ በብሪታንያ መርከቦች ላይ ቢሠሩም አገራቸው አየርላንድ ገለልተኛ ነበረች። ከባሕር ዳር የባሕር ማሠልጠኛ ተመርቀው በሰው አገር ሰንደቅ ዓላማ ሥር የሚሠሩ ወጣቶች ያሏቸው ቤተሰቦች ይህን አንቀጽ ቢያነቡት አይጎዱም።

ከእነዚህ ባሕረኞች አንዱ የሆነው የደሪ ከተማ ልጅ ሃሪ ካላን ሲማረክ ሃያ ዓመት አልሞላውም ነበር። ይሠራባት የነበረችው፣ ከደቡብ አሜሪካ ሥጋ ጭና ትመለስ የነበረችው የብሪታንያ የንግድ መርከብ «አፍሪክ ስታር» ጃንዋሪ 29 ቀን 1941 «ኮርሞራን» በተባለው፣ የንግድ መርከብ መስሎ በሚዘዋወረው የጀርመን የጦር መርከብ እጅ ወደቀች፤ ሠራተኞቹም በመጨረሻ ጀርመን ደረሱ። በቬስተርቲምኬ የነበረው «ሚላግ ኖርድ» ለንግድ ባሕረኞች ብቻ የተለየ ካምፕ ነበር፤ ከዚያ አየርላንዳውያኑ ተለይተው ለጀርመን በፈቃዳቸው እንዲሠሩ ተጠየቁ። እምቢ አሉ። በ1943 በጌስታፖ (በናዚዎች ምስጢራዊ ፖሊስ) ሥር ወደነበረው የፋርጌ የቅጣት ካምፕ የተላኩት በዚህ እምቢታቸው ምክንያት ነው፤ አምስቱ እዚያው ሞቱ። ካላን ከስድሳ ዓመት በላይ ቆይቶ ወደዚህ ስፍራ ተመልሶ እንደመጣ ሳስታውስ፣ ቅዝቃዜው ከአጥንት የሚዘልቀውን ያን አዳራሽ እኔ ጃኬት ለብሼ መቋቋም አለመቻሌ አሳፈረኝ።

ስፍራው ከ2015 ጀምሮ ለጎብኚ ክፍት ሲሆን፣ በእኔ ግምት ትልቁ ብቃቱ የሕንፃውን ግዝፈት አለማሞገሱ ነው። እንዲህ ያለ ሥራ ፊት የቆመ ሰው የመሐንዲሶቹን ችሎታ ማድነቅ ይቀናዋል፤ ማብራሪያዎቹ ግን በጀርመንኛና በእንግሊዝኛ ደጋግመው ወደ ሠራተኞቹ ይመልሱታል፤ በደጅ የቆመው የ1983ቱ ሐውልት ራሱ ስሙ «በሥራ ማጥፋት» (ሰውን በሥራ አድክሞ መግደል) ነው። ይሁንና ከሺዎች መካከል 32 ሰዎች እንደ ጨው በውኃ ውስጥ ይሟሟሉና፣ ባሕረኞቹን ብሎ የሚሄድ ሰው ታሪካቸውን አስቀድሞ ቢያነብ ይሻለዋል፤ ሳያነብ የገባ አርማታውን ብቻ አይቶ ሊወጣ ይችላል።

ሦስት ሰዓት ይበቃል። በበጋም ቢሆን ወፍራም ልብስ መያዝ ያስፈልጋል፤ ትንንሽ ልጆችን ይዞ መሄድን አልመክርም። ከመመለስዎ በፊት ሰርጓጅ መርከቦቹ ወደ ወንዙ ሊወጡበት ታስቦ በነበረው በኩል ወደ ዳሩ ይውረዱ፤ ቬዘር እስከ ዛሬ ወደ ብሬመን የሚወጡና ከዚያ የሚወርዱ የጭነት መርከቦች መንገድ ነው።