ማራኪ አካባቢ ከሚገኝ ክሊኒክ ያገኘነው የአመጋገብ ምክር

እናቴን የመረመራት ሐኪም ደሟ ማነሱን ነግሯት ከመድኃኒቱ ጎን ለጎን የሥነ ምግብ ባለሙያ እንድታማክር ስላዘዛት፣ እዚሁ ጎንደር ማራኪ አካባቢ ወደሚገኝ አንድ የግል ክሊኒክ ሁለት ጊዜ ይዣት ሄጃለሁ። ምክሩ በጣም ጥሩ ነው፤ የመጀመሪያው ቀን ምዘና ግን ዋናውን ነገር ስቶት ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት የተቀበሉን ባለሙያ ባለፉት 24 ሰዓታት የበላችውንና የጠጣችውን ሁሉ እንድታስታውስ እናቴን በመጠየቅ ጀመሩ። እናቴ በቅደም ተከተል ከነገረቻቸው በኋላ እንደገና ወደ ኋላ ተመልሰው የተረሳ ነገር መኖሩን አንድ በአንድ ጠየቋት። ይህ ድጋሚ ጥያቄ አሰልቺ ቢመስልም ዋጋው ከፍተኛ ነው፤ እናቴ ምግብ እንደበላች የጠጣችውን ቡና ከአቦል እስከ በረካ ጨርሶ አላነሳችውም ነበርና።

«እማማ፣ በምግቡ ውስጥ ያለው ብረት ሁሉ ወደ ደምዎ አይገባም» አሏት። በጤፍ ውስጥ ከሚለካው ብረት ከፊሉ በዐውድማ ላይ ከአፈር የተቀላቀለ በመሆኑ ሰውነት እምብዛም አይጠቀምበትም፤ በእህሉ ውስጥ ያለው ፋይቴት የሚባል ንጥረ ነገርም ብረቱን አስሮ ይይዘዋል። ሊጡ በእርሾ በሚገባ ሲቦካ ፋይቴቱ ስለሚቀንስ፣ ቶሎ ከተጋገረ ቂጣ ይልቅ በደንብ የቦካ እንጀራ ይሻላል። ከምግብ ጋር ተከታትሎ የሚጠጣ ቡና ብረቱ ወደ ሰውነት እንዳይገባ ያውካል፤ በቃሪያና በሎሚ ውስጥ ያለው ቫይታሚን ሲ ደግሞ ያግዘዋል። ስለዚህ ቡናው ይቅር አላሉም፤ ከማዕዱ ራቅ ብሎ ይፈላ አሉ። ጾሟንም እንድትተው አልጠየቋትም፤ ቫይታሚን ቢ12 በተፈጥሮ የሚገኘው ከእንስሳት ተዋጽኦ በመሆኑ በፍስክ ቀን እንቁላልና ወተት እንዳይለያት ብቻ አሳሰቧት። እናቴን ያረጋጋትና ምክሩን እንድትቀበል ያደረጋት ይህ አክብሮት ነው ብዬ አምናለሁ።

ጉድለቱ እዚህ ላይ ነው። የተመዘገበው ዓርብ፣ ማለትም የጾም ቀን ብቻ ነበር፤ አንድ ቀን ደግሞ የሰውን የዘወትር አመጋገብ ሊወክል አይችልም፣ ረቡዕና ዓርብ በሚጾምበት ቤት ደግሞ ከቶ አይችልም። መጠኑን ለመገመት የቀረበላት ሥዕልም ለየብቻ የሚቀርብ ሳህን እንጂ ከአንድ ትሪ አብሮ የሚበላን ቤተሰብ የሚያስብ አልነበረም። ክብደቷ በቁመቷ ካሬ ተካፍሎ ውጤቱ 19.8 ስለሆነ፣ ከ18.5 እስከ 24.9 ባለው ጤናማ ክልል ውስጥ ነች ተብሎ ታለፈ፤ ይህ ቁጥር ግን ስለ ደሟም ሆነ ስለ ጡንቻዋ የሚናገረው ነገር የለም።

በሁለተኛው ቀጠሮ ይህን በትሕትና ሳነሳ ባለሙያዋ ቅር ሳይላቸው ተቀብለው ሌሎች ሁለት የፍስክ ቀናትን መዘገቡ። ያን ጊዜ ነው በቤታችን ማንም ያላስተዋለው የታየው፦ እናቴ በፍስክ ቀንም እንቁላሉንና ወተቱን ለልጅ ልጆቿ አሳልፋ ትሰጥ ነበር።

ለእያንዳንዱ ጉብኝት 400 ብር ከፍለናል፤ ለተሰጠን ጊዜና ማብራሪያ አይበዛም። ወደዚያ የምትሄዱ ግን ቢያንስ አንድ የጾምና አንድ የፍስክ ቀን የበላችሁትን ጽፋችሁ ሂዱ፤ ከራሳችሁ ድርሻ ለሌላ የሰጣችሁትንም ጭምር።