ነጠላ ምላስ ወይስ ድርብ ምላስ፦ በትሮምቦን ወፍራም ድምፅ

ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር ጥላ ሥር የሚለማመዱ የማርሽ ባንድ ልጆች ክርክር ይህ ነው፦ የትሮምቦንን (ቱቦው የሚንሸራተት የትንፋሽ መሣሪያ) ወፍራም ድምፅ በፍጥነት ለመንፋት ነጠላ ምላስ «ታ-ታ» (እያንዳንዱን ኖታ በምላስ ጫፍ መጀመር) ወይስ ድርብ ምላስ «ታ-ካ» (አንዱን በምላስ ጫፍ፣ ቀጣዩን በምላስ የኋላ ክፍል)?

ነጠላው ጥርት ይላል፤ ምላስ ግን ቶሎ ይደክማል። ድርቡ ይፈጥናል፤ ሆኖም «ካ» ወደ ታች ሲወርዱ ትደበዝዛለች። የትሮምቦን ፔዳል ቢ ፍላት (በጣም ወፍራም ከሆኑት ኖታዎቹ አንዱ) በሰከንድ 58 ጊዜ ያህል ይርገበገባል። በደቂቃ 140 ምት፣ በየምቱ አራት ኖታ ከተነፋ ለአንዱ ኖታ የሚደርሰው ስድስት ርግብግቢት ብቻ ነው! ድምፁ ገና ሳይነሣ ያልቃል። (የጀልባ ሞተር ይሸፍነዋል የሚል ካለ፣ አሠልጣኙ ይሰማል።)

ስለዚህ ለፈጣኑ «ዶ-ጎ» የሚለውን ለስላሳ ድርብ እመርጣለሁ፤ አፍን ይከፍታል፣ ትንፋሽ አያንቅም። ዘገም ካለ ግን ከነጠላው አልወጣም። «ጎ-ጎ-ጎ»ን ለብቻዋ ያልተለማመደ ድርቡን ባይጀምር ይሻለዋል።