ከምክር በፊት ደብተር፦ በደሴ የሚሰጥ የቤት ለቤት የባህርይ ድጋፍ ሲገመገም

በደሴ ኦቲዝም ላለባቸው ልጆች የሚሰጠው ይህ የቤት ለቤት አገልግሎት ትልቁ ብርታቱ በመጀመሪያው ቀን ምንም ምክር አለመስጠቱ ነው። ባለሙያዋ ደብተር ትሰጥና ትሄዳለች። ገጹ በሦስት ተከፍሏል፦ ከድርጊቱ በፊት ምን ነበር፣ ልጁ ምን አደረገ፣ ወዲያው ምን ተከተለ። ሰዓቱም ይጻፋል። እናት ለአንድ ሳምንት ትሞላዋለች። «አስቸገረ» ብሎ መጻፍ የለም፤ «የእህቱን እጅ ሁለት ጊዜ ነከሰ» ነው የሚባለው። የሚታይና የሚቆጠር ነገር ካልተጻፈ ከወር በኋላ ቀነሰ ወይስ ባሰ ብሎ መናገር አይቻልም።

ደብተሩ የሚፈልገው ምክንያቱን ነው። ልጅ የሚጮኸው ሰው እንዲያየው፣ ከማይወደው ነገር ለማምለጥ ወይም የከለከሉትን ለማግኘት ሊሆን ይችላል። አንዳንዴ ደግሞ ድርጊቱ ራሱ ለአካሉ ደስ ስለሚለው ነው። ጩኸቱ አንድ ዓይነት ቢመስልም መድኃኒቱ ይለያያል። የቤት ሥራ ጠልቶ የጮኸን ልጅ ጥግ ማስቆም ቅጣት ሳይሆን ዕረፍት መስጠት ነው፤ ነገም ይጮኻል።

አገልግሎቱ በደንብ የሚሠራው ቡና ሲፈላ በሚነሳው ጩኸት ላይ ነው። ረከቦቱ ቀርቧል፣ ጎረቤት ተሰብስቧል፣ የእናት ዓይን ጀበናው ላይ ነው። ከአቦል እስከ በረካ ሰዓት ያልፋል። ልጁ ሲኒ ሲገፋ ሁሉም በአንድ ጊዜ «ኧረ ተው!» ይላሉ፣ አክስት ተነስታ ታቅፈዋለች። የፈለገውን አገኘ ማለት ነው። ባለሙያዋ እዚህ ላይ ሁለት ነገር ታሳያለች። የመጀመሪያው ቀድሞ መድረስ ነው። ደብተሩ በየ6 ደቂቃው እንደሚጀምር ካሳየ እናቱ በየ4 ደቂቃው ዞር ብላ ለ20 ሰከንድ ያህል ታጫውተዋለች፤ ጸጥ ስላለ ሳይሆን ሰዓቱ ስለደረሰ። ለጥቂት ቀናት ከሰከነ ወደ 5፣ ከዚያ ወደ 7 ደቂቃ ይረዝማል። ከባሰ አንድ እርምጃ ወደኋላ።

ሁለተኛው የጩኸቱን ምትክ ማስተማር ነው፦ ትከሻ መንካት፣ «እዪኝ» ማለት፣ መናገር የማይችል ደግሞ የሚፈልገው ነገር ሥዕል ያለበትን ካርድ ማቀበል። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ኤድዋርድ ካርና ማርክ ዱራንድ በ1985 (እ.ኤ.አ.) ያሳዩት ይህንኑ ነው። ሥራው የከበዳቸውን ልጆች «አልገባኝም»፣ ትኩረት ያነሳቸውን ደግሞ «ጥሩ እየሠራሁ ነው?» ብለው እንዲጠይቁ ሲያስተምሯቸው ረብሻው ቀነሰ። ምትኩ ከጩኸት የቀለለና የፈጠነ መሆን አለበት። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ትከሻ በተነካ ቁጥር ወዲያው መልስ ያስፈልጋል፤ «ቆይ ቡናው ይቀዳ» ከተባለ ልጁ ወደ ሲኒው ይመለሳል።

የካርዱ አሠራር ግን ደካማ ነው። ስስ ወረቀት ስለሆነ በእጅ ላብ ይቀደዳል፤ ሥዕሉም የውጭ አገር ወጥ ቤት ነው። የቤቱን ጆግ፣ የቤቱን ሙዝ በስልክ አንስቶ ማሳተም፣ በፕላስቲክ ማስለበጥና ልጁ ከሚቀመጥበት አጠገብ በገመድ ማንጠልጠል ይሻላል። ቦርሳ ውስጥ የተቀመጠ ካርድ እንደሌለ ይቆጠራል።

ከሁሉ የሚያሳስበን ለቤተሰቡ በሚሰጠው ወረቀት ላይ ያለችው አንዲት መስመር ናት፦ «ሲጮህ ችላ ይበሉት።» ይህ የሚያገለግለው ጩኸቱ ሰው ለመሳብ ከሆነ ብቻ ነው። ያን ጊዜም ቢሆን በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጩኸቱ ሊጨምር፣ ሊረዝም፣ ዕቃ መወርወርም ሊከተል ይችላል። ይህን አስቀድሞ ያልሰማ ቤተሰብ «ዘዴው አልሠራም» ይላል። በሦስተኛው ቀን አያት አንጀቷ አልችል ብሎ ከረሜላ ከሰጠች ደግሞ ልጁ 20 ደቂቃ መጮህ እንደሚያዋጣ ተማረ፤ ከዚያ ወዲያ ለመመለስ ከበፊቱ ይከብዳል። ወሎ ውስጥ የቡና ጎረቤት ማለት ቤተሰብ ነው። ስለዚህ አያት፣ ታላቅ እህት፣ ሠራተኛዋና ቡና ጠጪዎቹ ሁሉ ሳይስማሙ ባይጀመር ይሻላል። ራሱን ከግድግዳ የሚያጋጭ ልጅ ፈጽሞ ችላ አይባልም፤ ሳይቆጡና ሳያባብሉ በትራስ ወይም በእጅ መከላከል ነው። ጆሮውን ወይም ጥርሱን አሞት፣ ወይም ሆዱ ደርቆበት እንደሆነም ሐኪም ይየው። የመመዝገቢያ ቅጹ ይህንን መጠየቁ ያስመሰግነዋል።

ለቤት ሥራ የሚሰጡት ዘዴ ቀላልና ጥሩ ነው፦ ሦስት የሚችላቸውን ነገሮች በፍጥነት ማዘዝ («አጨብጭብ፣ አፍንጫህን ንካ፣ እርሳሱን አንሳ»)፣ ከዚያ ወዲያው ከባዱን ማስከተል።

ልጁ ለጥሩ ሥራው ኮከብ እያገኘ በሽልማት የሚመነዝርበት የኮከብ ሰሌዳ ግን ችኩል ነው። ከመጀመሪያው ቀን 10 ኮከብ ይጠይቃል፤ ልጁ አሥረኛው ሳይደርስ ይሰለቻል። በ2 ጀምሮ እዚያው መመንዘር፣ ከዚያ 3፣ ከዚያ 5 ማድረግ ነው። ሽልማቱ ጥቂት ኦቾሎኒ ወይም አንዲት ቁራጭ ሙዝ ይበቃል፤ ቀኑን ሙሉ በነፃ የሚያገኘው ነገር ግን ሽልማት አይሆንም። ያገኘውን ኮከብ በጥፋት መንጠቅ ገና ለጀማሪ አንመክርም።

በርበሬ ማጠንና መቁንጠጥን በግልጽ መከልከላቸው ትክክል ነው። ጉዳቱ ሳይቆጠር እንኳ በጩኸቱ ፋንታ ምን ማድረግ እንዳለበት ለልጁ አያስተምሩትም።

በ2002 (እ.ኤ.አ.) ዘሚ የኑስ ጆይ ኦቲዝም ማዕከልን ያቋቋሙት በአዲስ አበባ ነው፤ ከደሴ ወደ 400 ኪሎ ሜትር ይርቃል። ቤት ድረስ የሚመጣ ባለሙያ ማግኘት ለደሴ ቤተሰብ ቀላል ነገር አይደለም፤ ከነጉድለቱ እንመክረዋለን። በሁለት ሳምንት አንድ ጉብኝት ግን ችላ ማለት በተጀመረበት ሳምንት አይበቃም፤ በዚያ ሳምንት ቢያንስ በየሁለት ቀኑ ስልክ እንዲደወል ስትመዘገቡ ተስማሙ። ቆጠራው የሚሰፍርበትን የካሬ ወረቀት ባለሙያዋ ይዛው ትሄዳለች፤ ቅጂው ቤት እንዲቀር ጠይቁ።