ላፕቶፓችሁ ጌም ላይ እየጋለ ድርግም ለሚልባችሁ የድሬ ልጆች፣ ታይዋን ሰፈር ያሉትን ጠጋኝ ጋሼ ልጠቁማችሁ

ሰላም ድሬዎች እንዴት ናችሁ። ይሄን ፖስት ለመጻፍ ሁለት ሳምንት ታግሻለሁ፣ ምክንያቱም ጥገና የመጀመሪያ ቀን ሁሌ ጥሩ ነው፣ ጉዱ የሚወጣው ቆይቶ ነው። አሁን ግን ሁለት ሳምንት ሞላው ላፕቶፔ አንዴም አልጠፋችም፣ ስለዚህ ምስጋናዬን ሰው ፊት ላስቀምጥ አቦ።

ላፕቶፔ ኮር አይ 7 ነች፣ የጌም ምስል የሚሰራው ግራፊክስ ካርዷ ጂቲኤክስ 1650፣ ከዱባይ በሰው የመጣች፣ ሶስት አመት ሆኗታል። ከግንቦት ጀምሮ ጂቲኤ 5 ከፍቼ ሀያ ደቂቃ ሳይሞላ ፋኗ እንደ ወፍጮ ቤት ይጮሃል፣ ጌሙ መንቀርፈፍ ይጀምራል ከዛ ድርግም። እናቴ ከሳሎን "ያ ነገር ሊፈነዳ ነው እንዴ አጥፋው!" ትላለች። ፊፋ ላይ ደግሞ 88ኛው ደቂቃ 2 ለ 1 እየመራሁ ጠፋችብኝ፣ ጓደኛዬ እስከዛሬ ጨዋታው አልተቆጠረም ብሎ ሙጭጭ እንዳለ ነው።

መጀመሪያ የወሰድኩበት ቤት (ስም አልጠራም፣ የሰው እንጀራ መንካት አልፈልግም) ሳይከፍታት አገላብጦ አየና "ማዘርቦርድ ነው፣ 14 ሺህ" አለኝ። ደንግጬ ወጣሁ። ከዛ የራሴን ጅልነት ጨመርኩበት፣ ጎሚስታ ቤት ወስጄ በጎማ መንፊያው ኮምፕሬሰር አስነፋኋት 😂 አትሳቁ፣ አንድ ቀን ሰርታልኛለች።

ጋሼን የጠቆመችኝ የአክስቴ ልጅ ነች። ታይዋን አካባቢ ጠበብ ያለች ሱቅ አለቻቸው፣ ድሮ ቴፕና ሬዲዮ ይጠግኑ ነበር፣ አሁን ላፕቶፕ ላይ ናቸው። ላፕቶፑን ስሰጣቸው ምን ሆነ አላሉኝም፣ "የት ቁጭ ብለህ ነው የምትጫወተው?" አሉኝ። ያው ድሬ ነን፣ ከሰአት ምንጣፍ ተነጥፎ ትራስ ተደግፎ ላፕቶፑ ፍራሹ ላይ ነዋ። ገለበጡና ከስር ያሉትን ቀዳዳዎች በጣታቸው እያሳዩ "አፍንጫዋ እዚህ ጋ ነው ልጄ፣ አንተ በፍራሽ አፍነህ ሩጪ ትላታለህ" አሉኝ። ሶስት አመት ማንም እንደዚህ አስረድቶኝ አያውቅም።

ከዛ እዛው ፊቴ ፈቷት፣ ይሄ ነው በጣም የወደድኩት፣ ነገ ና ምናምን የለም። ከፋኑ ጎን ያሉት ቀጫጭን ብረቶች መሃል አቧራው ተጋግሮ ጨርቅ ሆኗል፣ በወረንጦ ሲስቡት አንድ ላይ ተነስቶ መጣ፣ ንፋሱ በየት በኩል ይውጣ? የጎሚስታውን ነገር ስነግራቸው ጭንቅላታቸውን ያዙ። ለካ የኮምፕሬሰሩ ጋን ውስጥ ውሃ ይጠራቀማል፣ ከአየሩ ጋር ተረጭቶ ቦርዱ ላይ ሊገባ ይችላል፣ ፋኑም በዛ ግፊት ከመጠን በላይ ሲሽከረከር መሃሉ ይበላሻል። እሳቸው ፋኑን በቀጭን እንጨት ይዘው እንዳይዞር አድርገው ነው በብሩሽ የጠረጉት።

ቀጥሎ ፔስቱ፣ ማለትም ፕሮሰሰሩ ላይ የሚቀባው ሙቀት አሳላፊ ቅባት። ፕሮሰሰሩና ላዩ ላይ የሚቀመጠው መዳብ ስታዩዋቸው ልሙጥ ይመስላሉ ግን ሲገጥሙ መሃላቸው ትንንሽ ክፍተት አለ፣ እዛ ውስጥ ያለው አየር ደግሞ ሙቀት በደንብ አያሳልፍም፣ ፔስቱ ያንን ነው የሚሞላው። የኔው ደርቆ እንደ ኖራ ይፈረፈራል። በአልኮል ጠረጉና የምስር ፍሬ የምታክል አዲስ ጠብ አደረጉ። ትንሽ ጨምሩበት እንጂ ስላቸው "ቅቤ መሰለህ?" ብለው ገላመጡኝ። ባትሪዋም አብጣ እንደሆነ አዩልኝ፣ ደህና ነች። ታች ማውሷ ጋ ከፍ ከፍ ካለባችሁ ባትሪ ሊሆን ስለሚችል ጌሙን ትታችሁ ቶሎ አሳዩት፣ ቀልድ አይደለም።

ከመክፈታቸው በፊት ጌም አስከፍተው ኤችደብሊው ሞኒተር በሚባል ሙቀት የሚያሳይ ፕሮግራም ሲያዩት ፕሮሰሰሩ 98 ዲግሪ ነበር። 100 አካባቢ ሲደርስ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል፣ ጌሙ የሚንቀረፈፈው ለዛ ነው፣ እሱም ካልበቃው ይጠፋል። ማዘርቦርድ ተበላሽቷል የተባልኩት እንግዲህ ጤነኛ ሆኖ ራሱን ሲያተርፍ ኖሯል።

ሶፍትዌሩን የምትነካው ሴት ልጃቸው ነች፣ እሷም ጎበዝ ነች። ስክሪንህ 60 ኸርዝ ነው፣ በሰከንድ 60 ምስል ብቻ ያሳያል፣ ካርዱ ግን 110 ፍሬም (ምስል) ያመርታል፣ ትርፉን ስክሪኑ ስለማያሳይህ በነፃ እየጋልክ ነው አለችኝና 60 ላይ ዘጋችው። ሜኑ ላይ ዝም ብዬ ቆሜ ፋኑ የሚጮኸውም በዚሁ ነበር ለካ። ከዛ ዊንዶውስ ፓወር ሴቲንግ ውስጥ የፕሮሰሰሩን ከፍተኛ መጠን ከ100 ወደ 99 ፐርሰንት አወረደችው። አንድ ፐርሰንት ምን ታመጣለች አልኩ፣ ግን ቱርቦ የሚባለውን፣ ፕሮሰሰሩን ከመደበኛው በላይ የሚያስሮጠውን ነገር ነው የምታጠፋው። አንዳንድ ጌም ላይ ፍጥነት ይቀንሳል፣ እኔ ግን ጂቲኤ ላይ ልዩነቱን ልብም አላልኩት። አሁን ስጫወት ከ80 እስከ 84 ዲግሪ ነች።

እኔ ደግሞ ዩቲዩብ ላይ 70 የሚያመጡ አይቻለሁ እኮ ብዬ ተከራከርኩ። ጋሼ ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው፣ "እንግዲያው አዲስ አበባ ሄደህ ተጫወት።" ነገሩ ገባኝ። ፋኑ በክፍሉ አየር ነው የሚያቀዘቅዘው፣ ክፍሉ 22 ሳይሆን 34 ዲግሪ ከሆነ ውስጡም በዛው ልክ ከፍ ይላል። ሽጦልኝ ለመሄድ የቸኮለ ሰው እንደዚህ አይልም። ኩሊንግ ፓድ (ከስር የሚደረገውን ባለ ፋን ማቀዝቀዣ) ልግዛ ወይ ስላቸውም፣ መጀመሪያ አራት የሃይላንድ ክዳን ሰብስብና ከኋላ እግሯ ስር ሁለት ሁለት ደራርበህ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣት፣ ካልበቃህ ያኔ ትገዛለህ አሉኝ። እስካሁን በክዳን ነኝ። በረዶና እርጥብ ጨርቅ ከስር የምታደርጉ ልጆች ካላችሁ ደግሞ ተዉ፣ ላብ ሰርቶ ውሃው ውስጥ ይገባል።

የከፈልኩት 700 ብር ነው፣ ፔስቱን ጨምሮ።

እውነቱን ለመናገር ጉድለትም አላቸው። ቀስ ብለው ነው የሚሰሩት፣ ወረፋ ካለ ግማሽ ቀናችሁ ይሄዳል፣ ብታቻኩሏቸው ይቆጣሉ። አንዷ ቡሎን ጠፍታ በሌላ ቀለም ተክተውልኛል፣ እኔ ግድ የለኝም ግን የሚያናድደው ሰው ይኖራል። ከ6 ሰአት በኋላ እንዳትሄዱ፣ እንደ ድሬ ሱቅ ሁሉ ዝግ ነው፣ 10 ሰአት ላይ ነው የሚመለሱት።

ጋሼ፣ እርስዎ እዚህ እንደሌሉ አውቃለሁ፣ ልጅዎ ታነብልዎት ይሆናል። እድሜና ጤና ይስጥልኝ። አቅጣጫውን የፈለገ ኢንቦክስ ያድርገኝ፣ ስልካቸውን እዚህ አልለጥፍም። ስትሄዱ ደግሞ ቻርጀር ይዛችሁ ሂዱ፣ ጌም ከፍተው ሳያዩ አይፈቱም፣ እኔ ረስቼ ከሳቢያን ሁለቴ በባጃጅ ተመላልሻለሁ።