ለደሴዋ የዳታቤዝ ባለሙያ፣ ከኮምቦልቻ ቢሯችን የቀረበ ምስጋና

የተከበራችሁ የደሴና የኮምቦልቻ ነጋዴዎችና የቢሮ ኃላፊዎች፣ ይህን የምጽፈው ሥራዋን በቅርብ ያየሁትን አንዲት ባለሙያ ላመሰግንና ለሚያስፈልጋችሁ ልጠቁም ነው።

በኮምቦልቻ የግንባታ ዕቃ በጅምላ የምናከፋፍል ስንሆን፣ የዕቃ ገቢና ወጪያችን፣ የዱቤ ደንበኞቻችን ሒሳብና የሽያጭ መዝገባችን በሙሉ መረጃ በሰንጠረዥ በሚመዘገብበት ማይክሮሶፍት አክሰስ በተባለ ፕሮግራም በተሠራ አንድ ዳታቤዝ (የመረጃ ቋት) ውስጥ ይገኛል። የሒሳብ፣ የሽያጭና የመጋዘን ሠራተኞች በአንድ ጊዜ ሊጠቀሙበት ከጀመሩ ወዲህ ግን ፋይሉ ደጋግሞ ይበላሽ ጀመር፤ አንዱ ሲከፍተው ሌላው መግባት ይከለከላል፤ መብራት ሲጠፋ የተመዘገበው ይጠፋል፤ የመጋዘን ቆጠራና የሽያጭ ሰነድ አልገጥም ስላለ ባልደረቦች እርስ በርስ እስከ መጠራጠር ደርሰው ነበር። ምክር የጠየቅናቸው ሁሉ ፕሮግራሙን ጥለን ውድ ሲስተም እንድንገዛ ነበር የሚነግሩን።

ይህች እህታችን ከደሴ ስትመጣ ዋጋ ከመናገሯ በፊት ከእያንዳንዱ ሠራተኛ አጠገብ ተቀምጣ አሠራሩን ተመለከተች። ሁላችንም በጋራ ፎልደር ውስጥ ያለውን አንዱን ፋይል ከነፎርሙና ከነሪፖርቱ በኔትወርክ እየከፈትን እንደምንሠራ ባየች ጊዜ ምክንያቱን እዚያው አስረዳችንና ዳታቤዙን ለሁለት ከፈለችው። መረጃውን የያዙት ሰንጠረዦች ብቻ በጋራ ፎልደሩ ቀሩ፤ የመመዝገቢያ ፎርሞቹ፣ ኩዌሪዎቹ (መረጃ ተመርጦ የሚወጣባቸው ጥያቄዎች) እና ሪፖርቶቹ ግን ለየሠራተኛው በራሱ ኮምፒውተር ላይ ተጭነው ከሰንጠረዦቹ ጋር ተያያዙ። ይህን የሚሠራው መሣሪያ በአክሰሱ ውስጥ ስላለ ለአዲስ ፕሮግራም አንዳች ወጪ አላወጣንም።

ሠራተኞች እየተከለከሉ የሚመለሱበትን ምክንያትም አገኘችው። አክሰስ ፋይሉን እነማን እንደከፈቱት የሚይዝ ትንሽ የመቆለፊያ ፋይል እዚያው ፎልደር ውስጥ ይፈጥራል፤ ስለዚህ ተጠቃሚው በፎልደሩ ላይ ከማንበብ በተጨማሪ የመጻፍ፣ የመፍጠርና የመሰረዝ ፈቃድ ከሌለው በጋራ መሥራት አይቻልም። በእኛ ቢሮ አንዳንዶቹ የነበራቸው የማንበብ ፈቃድ ብቻ ነበር። ከዚህም ሌላ አንድ ሰው የአንድን ደንበኛ ሒሳብ በሚያስተካክልበት ጊዜ ሌላው ያንኑ መዝገብ እንዳይነካው እንዲቆለፍ አድርጋ አስተካክላልናለች።

በዋይፋይ ይሠራ የነበረውን የመጋዘኑን ኮምፒውተር በኬብል ከኔትወርኩ ጋር አገናኘችው፤ መረጃ በሚጻፍበት ቅጽበት ግንኙነት ቢቋረጥ ፋይሉ ሊበላሽ ይችላልና። ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ለጊዜው ኃይል የሚሰጥ መሣሪያ) ሰንጠረዦቹ ላሉበት ኮምፒውተር ብቻ ሳይሆን ኮምፒውተሮቹን ለሚያገናኘው የኔትወርክ ስዊችም እንድንገዛ መከረችን። ማታ ሁሉም ከወጣ በኋላ ባክአፕ እንዴት እንደሚወሰድና ፋይሉ እንዴት እንደሚታመቅ (ትርፍ ቦታው ተወግዶ መጠኑ እንደሚቀንስ) ለሒሳብ ሠራተኛችን እስኪገባት ድረስ አሳየቻት።

ከሁሉ በላይ ያከበርኳት ግን ስለ አቅሙ ወሰን በግልጽ በመናገሯ ነው። የአክሰስ ፋይል ከ2 ጊጋ ባይት ማለፍ አይችልም፤ በአንድ ጊዜ እስከ 255 ተጠቃሚ ይችላል ቢባልም በተግባር ከዚያ እጅግ ባነሰ ቁጥር ይዘገያል። ደሴ ያለውን ሱቃችንን በኢንተርኔት ከዚሁ ፋይል ጋር እንድታገናኝልን ስንጠይቃት፣ ገንዘባችንን መቀበል ስትችል፣ ግንኙነቱ ስለማያስተማምን ፋይሉን ለአደጋ እንደሚያጋልጠው ገልጻ አልቀበልም አለች። ሥራችን ከአክሰስ ፋይሉ አቅም በላይ የሚሆንበት ጊዜ ሲደርስ ሰንጠረዦቹ ኤስኪዩኤል ሰርቨር ወደተባለው ከፍ ያለ አቅም ያለው የዳታቤዝ ሲስተም ሊዛወሩ፣ የለመድናቸው ፎርሞች ግን በአብዛኛው ሊቀጥሉ እንደሚችሉ ነግራናለች። ባለሙያ እንዲህ ሲሆን ደስ ይላል።

እህታችን፣ እግዚአብሔር ያክብርሽ፤ ቢሯችን በሙሉ ያመሰግንሻል። አገልግሎቷን ለምትፈልጉ በፈቃዷ አድራሻዋን በውስጥ መስመር እሰጣለሁ። ከመደወላችሁ በፊት ሁሉም ሠራተኛ ዳታቤዙን ዘግቶ ሳለ የፋይሉን ቅጂ በሌላ ዲስክ ላይ አስቀምጡ፤ ሥራ ከመጀመሯ በፊት የምትጠይቃችሁ እርሱን ነው።