ከጦርነት ለተመለሱ ወታደሮች የሚሰጥ የምክር አገልግሎት፣ 12ቱን ሴሽን ጨርሼ

ኮከቡን አስቀድሜ ልናገር፣ ከ5 4 ሰጥቻለሁ። የቦታውን ስም አልጠራም፣ የማማርረውም ነገር አለኝና። ግን ከጦር ሜዳ ተመልሶ እንቅልፍ ያጣ ሰው እዛ ውስጥ ምን እንደሚጠብቀው ቢያውቅ ጥሩ ነው ብዬ ነው የምጽፈው።

ስገባ አንድ ነገር ብቻ ይዤ ነበር የገባሁት፣ እኔ ፈሪ ነኝ የሚል። ጦርነት ማንነትህን ያሳይሃል ይባል የለ፣ እኔንም ያሳየኝ ይሄንን ነው ብዬ ለስንት አመት ተሸክሜው ዞሬያለሁ። ነገሩ እንዲህ ነው፣ ምሽጋችን ላይ ከባድ መሳሪያ ሲወርድ አጠገቤ የነበረው ጓዴ እግሩን ተመታ፣ ስሜን እየጠራ ይጮሃል፣ ፋሻው ኪሴ ውስጥ እንዳለ አውቃለሁ ግን እጄ አልንቀሳቀስ አለኝ። የኪሴ ቁልፍ አረንጓዴ ነው፣ አንድ ጎኑ የተሸረፈ፣ እሱን ቁልፍ እያየሁ ድርቅ ብዬ ቀረሁ። ዛሬም ሸሚዝ ስቆልፍ ይመጣብኛል።

መጀመሪያ ቀን 20 ጥያቄ ያለው ፎርም ይሰጡሃል። ባለፈው አንድ ወር ቅዠቱ፣ መባነኑ፣ ከሰው መሸሹ ምናምን ምን ያህል እንዳስቸገረህ ከ0 እስከ 4 ትሞላለህ፣ ድምሩ ከ80 ነው፣ የኔ 58 መጣ። አደራ ስትሞሉ አታሳንሱ፣ እኛ ወታደሮች ደህና ነኝ ማለት ለምዶብናል። ከዛ ሲፒቲ የሚባለው ህክምና ተጀመረ፣ ፓትሪሺያ ሬሲክ የምትባል የስነ ልቦና ባለሙያ መጀመሪያ ለተደፈሩ ሴቶች የሰራችው ነው፣ በኋላ ለወታደርም መዋል ጀመረ፣ በአብዛኛው 12 ሴሽን ነው። ስራው መጻፍ ይበዛዋል። ያ ነገር ለምን የደረሰ ይመስልሃል፣ ስለራስህስ ምን እንድታምን አደረገህ ይሉህና ቤት ወስደህ ትጽፋለህ። አንድ ገጽ ጽፌ ወሰድኩ፣ ፈሪ የሚለው ቃል 8 ቦታ ላይ ነበር፣ የቆጠረችው ካውንስለሯ ናት።

አራተኛው ሴሽን ላይ እንደልማዴ ቁልፉ ጋ ደርሼ ዝም አልኩ። እሷም "እሺ፣ ከዛስ?" አለችኝ። ከዛማ አስሬለት ተሸክሜው ወረድኩ አልኳት። እስከየት? ቁስለኛ እስከሚሰበሰብበት። ተኩሱ ቆሞ ነበር? አልቆመም። "ታዲያ ይሄን ለምን አልጻፍከውም?" ስትለኝ መልስ አጣሁ። በእግዚአብሔር ስም እላችኋለሁ ረስቼው አይደለም፣ ግን እንደ ነገር ቆጥሬው አላውቅም ነበር፣ ያቺን ትንሽ ሰአት ብቻ ይዤ ሙሉ ሰው ላይ ፈርጃለሁ። ሰውነት አደጋ ሲበዛበት ራሱ እንደሚደርቅ፣ አንተ ወስነህ የምታደርገው እንዳልሆነ ያስረዳችኝ ያን ቀን ነው።

ቤት ገብቼ ማንበብ ጀመርኩ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት የእንግሊዝና የቅኝ ግዛቶቿ ጦር ከድተዋል፣ ፈርተዋል ምናምን ተብለው በገዛ ወገናቸው የተረሸኑ 306 ወታደሮች ይቅርታ የተደረገላቸው በ2006 እኤአ ነው፣ ፒቲኤስዲ (እንደ ጦርነት ያለ ከባድ ነገር ካለፈ በኋላ የሚቀረው የአእምሮ ጭንቀት) የሚለው ስም ራሱ በአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች መመሪያ ውስጥ የገባው በ1980 እኤአ ነው። ስንቱ እንደኔ እጁ ደርቆበት ይሆን እያልኩ ሌሊቱን ሳልተኛ ነጋ።

አሁን አንዱን ኮከብ ለምን እንደቀነስኩ። ወረፋው ሁለት ወር ፈጅቶብኛል፣ ወንበሩም ጀርባህን ለበር የሚያሰጥ ነው፣ ለኛ አይነት ሰው እንዴት እንዲህ ይቀመጣል፣ ተናግሬ አዙረውልኛል። እሱ ይቅር። ትልቁ ችግር ያየሁት በግሩፕ ነው። አንድ ሰው ነበር፣ እጁን የሰጠ ምርኮኛ በሰደፍ መትቷል፣ ማንም አላዘዘውም፣ ንዴት ነው ያስደረገው። እሱ ጦርነት ስለራሱ ያሳየው ነገር እውነት ነው፣ ተደርጓል። የምንሞላው የቤት ስራ ወረቀት ግን እሱንም እንደኔ "ለዚህ ሀሳብ ማስረጃህ ምንድነው" እያለ ይጠይቀዋል፣ ማስረጃውማ እጁ ላይ አለ። እንዲህ አይነቱ የሞራል ቁስል ይባላል፣ የቬትናም ዘማቾችን ያከመው ጆናተን ሼይ የጻፈው አለቃህ ትክክል የሆነውን ነገር ሲያፈርስ ስለሚቀረው ነው፣ በኋላ ሌሎች ራስህ ስታፈርሰው የሚቀረውንም ጨመሩበት። ለሱ የሚያስፈልገው ከፍርሃት የተለየ ስራ ነው፣ ጥፋቱን ሳይክድ እንዴት እንደሚኖር የሚያግዘው ሰው። እዛ ቦታ ያ ዝግጅት የለም፣ ሰውዬው ሰባተኛው ላይ አቋረጠ፣ እስከዛሬ ያሳዝነኛል። ያንተ ቁስል የዚህ አይነት ከሆነ ከመጀመርህ በፊት በዚህ ላይ የሰራ ሰው አለ ወይ ብለህ በግልጽ ጠይቅ።

ከመጨረሻው ሴሽን በፊት የተሰጠኝ የቤት ስራ ለጓዴ መደወል ነበር። እግሩ ያነክሳል እንጂ ደህና ነው። እንደምንም ብዬ ስለ ቁልፉ ነገርኩት፣ ስትጠራኝ ዝም ብዬህ ነበር አልኩት። መጥራቱን ራሱ አያስታውስም። የሚያስታውሰው ቁልቁለቱን ስንወርድ እንዳትተኛ፣ እንዳትተኛ እያልኩ ጆሮው ስር ስጮህበት ብቻ ነው። በማግስቱ የመጨረሻውን ፎርም ሞላሁ፣ 27 መጣ።