የማርጌሪታ ጉዞ፦ ቢሮው ቅር አሰኘኝ፣ ተራራ ላይ ያሉት ሰዎች ካሱኝ

ስምንት ቀን ሩዌንዞሪ ተራሮች ላይ ከርሜ መጣሁ። የወሰደኝን አስጎብኚ ድርጅት ስም አልጠራም፣ ግን የሆነውን ልንገራችሁ፤ ለመሄድ የምታስቡ ካላችሁ ይጠቅማችኋል።

ማርጌሪታ እዚያ ያለው የስታንሊ ተራራ ጫፍ ነው። 5,109 ሜትር ይሆናል፣ የኡጋንዳና የኮንጎ ድንበርም እዚያው ላይ ነው የሚያልፈው። በከፍታ ከኪሊማንጃሮና ከኬንያ ተራራ ቀጥሎ በአፍሪካ ሦስተኛው ቢሆንም ኪሊማንጃሮ ላይ እንደሚታየው ሰው አይተራመስበትም፤ እኛ መንገድ ላይ ያገኘነው አንድ ቡድን ብቻ ነው።

ቅሬታዬ ከኪራይ ዕቃው ይጀምራል። ቢሮው የሰጠኝ የጎማ ቦቲ ተረከዙ ላይ ተሰንጥቋል። ያወቅኩት ቢጎ የሚባለው ረግረግ ውስጥ ገብቼ፣ ጭቃው እስከ ጉልበቴ ሲውጠኝ ነው። እዚያ ከፍታ ላይ እግር ከረጠበ ብርዱ አጥንት ድረስ ይዘልቃል። ማታ ማደሪያችን ስንደርስ ግን አንዱ ተሸካሚ፣ እዚያው ተራራው ሥር ያደገ የባኮንዞ ብሔረሰብ ልጅ፣ ምንም ሳልለው ቦቲውን ወስዶ እሳት ዳር አደረቀውና የብስክሌት ጎማ ቁራጭ በማስቲሽ ለጠፈበት። እስከ መጨረሻው ቀን ጠብታ አላስገባም።

መሪያችንማ ሌላ ነው። ጅብራውን፣ የዛፍ ሽበት የተንጠለጠለበትን አስታ እያሳየ ቀስ አድርጎ ነው የሚያስኬደው፤ አየሩ እየሳሳ ሲመጣ ለምን እንደሆነ ይገባችኋል። ኤሌና፣ 4,541 ሜትር ላይ ያለው የመጨረሻው ማደሪያ፣ እንደደረስን የሁላችንንም ክራምፖን (በረዶ ላይ እንዳያንሸራትት ጫማ ሥር የሚታሰር ባለ ጥርስ ብረት) አንድ በአንድ እየሳበ ፈተሸ። የኔ ሰፊ ነበር። በዚያው ማታ አስተካከለልኝ። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ተነሳን፣ በረዶው ላይ ሁላችንም በአንድ ገመድ ታስረን እሱ ከፊት በዘንግ እየወጋ መንገዱን ሲፈትሽ እኛ የረገጠበትን ብቻ እየረገጥን ሄድን። እ.ኤ.አ. በ1906 ጣሊያናዊው የአብሩዚ መስፍን መጀመሪያ ሲወጣው ከነበረው በረዶ አብዛኛው ዛሬ የለም። አሁንም እየቀለጠ ስለሆነ አምና የተሄደበት ቦታ ዘንድሮ ስንጥቅ ሆኖ ሊጠብቅ ይችላል።

ጫፉ ላይ ጭጋግ ነበር። ኮንጎን አላየሁም። ቢሆንም እንባዬ መጣ።

ቦቲና ጓንት የራሳችሁን ያዙ፣ ክራምፖኑን ደግሞ ከመክፈላችሁ በፊት ጫማችሁ ላይ አስራችሁ ሞክሩት። ቲፑንም ለቢሮው አትተዉ፤ ለተሸካሚዎቹ በእጃቸው ስጧቸው።